ሥራ ትምህርት ቤት የሚሆነው አለማማጅ ሲኖረው ነው

የሙያ ዕውቀት ከየት ይገኛል? ከመጽሐፍ ነው ወይስ ከሥራ? ይህን ጥያቄ ዛሬ የምናነሣው ለክርክር ያህል አይደለም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ከቴክኒክና ሙያ፣ ከግብርናና ከጤና ማሠልጠኛዎች ወጥተው ለተግባር ልምምድ ወደ ጋራዡ፣ ወደ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ቤቱ፣ ወደ ግንባታ ቦታው፣ ወደ እርሻ ማሳውና ወደ ሕክምና ድርጅቱ ይሠማራሉ። በዚያ ማን ይቀበላቸዋል? ሥራውን ማን ያሳያቸዋል? ሲሳሳቱስ ማን ያርማቸዋል? የምንሳፈርበት መኪና ፍሬን፣ የምንኖርበት ቤት የኤሌክትሪክ መስመር፣ የምትወልድ እናት ሕይወት ለነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የኮሌጆችና የመሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሠራተኛና የእያንዳንዱ ሠፈር ነዋሪ ጉዳይ መሆኑ አያጠያይቅም።

በአመለካከት ረገድ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ዕውቀትን ከሥራ የሚነጥለው ነው። በዚህ አመለካከት ተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለውን ሞተር በቃሉ ካጠና ሞተር ያወቀ ይመስለዋል። ሞተሩን ሲፈታ ግን የዛገው ብሎን በሥዕሉ ላይ ያልነበረ መሆኑን ያያል። ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «ወደ ሥራ ይግባና ሥራው ራሱ ያስተምረዋል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት በየመድረኩ ሲወገዝ ይሰማል። ሁለተኛው ግን ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ሲወገዝ አይሰማም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምናተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

በእርግጥ ሰው በመሥራት ይማራል። ነገር ግን መሥራት ሁሉ መማር አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ የመኪና ዕቃ በናፍጣ ሲያጥብ የከረመ ተለማማጅ ሠርቷል፤ ደክሟልም፤ መካኒክነትን ግን አልተማረም። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ሥራው፣ ልምድ ሁሉ እኩል እንደማያስተምር፣ እንዲያውም አንዳንዱ ልምድ ወደፊት ለሚመጣው ዕድገት እንቅፋት እንደሚሆን አስረድቷል። በሥራ መማር የሚለው አስተሳሰብ ዋና ጠበቃ የሆነው ሰው ይህን ማለቱ ሊሰመርበት ይገባል። ሥራን ወደ ትምህርት የሚለውጠው ተለማማጁ አጠገብ ቆሞ የሚያሳየው፣ የሚያሠራው፣ ስሕተቱን በጊዜው የሚያርመውና ምክንያቱን የሚነግረው ነባር ባለሙያ ነው። አለማማጅ የምንለውም ይህን ሰው ነው።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንቱ የቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም። ራሱ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የተበላሸው ይቃናለታል፤ በማግሥቱም እንደገና ይሞክራል። መምህሩ ሁሉንም ማዳረስ ስለማይችል የበሰሉት ተማሪዎች ለጀማሪዎቹ ያስተምራሉ። ሥራ፣ እርማትና የእድሜ ባለጠጋ ተማሪ ድጋፍ ሦስቱም በአንድ ቦታ ተገናኝተው ይገኛሉ።

ወደ ወላይታ ገጠር ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። እንሰትን ከችግኝ ጀምሮ በየደረጃው እያዛወሩ ማሳደግ፣ ፍቆ ቆጮውንና ቡላውን ማውጣት፣ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ማብላላት ዓመታት የሚፈጅ ዕውቀት ነው። ልጅቱ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትፍቃለች፤ ብላቱ መድረሱን በሽታውና በእጅ በመዳሰስ መለየትን ከእናቷ ትማራለች። ይህን ዕውቀት በክፍል ውስጥ ንግግር ብቻ ማስጨበጥ አይቻልም። እናቲቱ አምራች ብቻ ሳትሆን አለማማጅ ጭምር ናት።

ይሁን እንጂ ይኸው እንሰት የተግባርን ወሰንም ያስተምረናል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ በአገራችን መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው የእርሻና የመቁረጫ መሣሪያ ነው። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ይዞለት ይሄዳል። ባክቴሪያ በዓይን ስለማይታይ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ የእጅ ልምድ ብቻውን ይህን ሊደርስበት አይችልም። ቢላዋውን በእሳት ማጽዳትና የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ እንደሚገባ ያወቀ ባለሙያ ግን ለገበሬው በቃል ብቻ ቢነግረው በቂ አይሆንም፤ ማሳው ድረስ ሄዶ ቢላዋውን ራሱ በእሳት እያሳለፈ ሊያሳየው ይገባል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ያለ ተግባር ሽባ ሲሆን፣ ተግባርም ያለ ንድፈ ሐሳብ ዕውር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ደግሞ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ በደል ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በወላይታም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት የተናቁ ነበሩ። ማረሻው፣ ጀበናውና የቆዳው አገልግል በሁሉም ቤት ሲገባ፣ ሠሪዎቹ ግን በጋብቻና በማዕድ ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠሪውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። የንቀቱ ውጤት በተናቁት ሰዎች ላይ ብቻ አልቀረም። ሙያው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀር፣ የውጭ ሰው እንዳይለምደው፣ የውስጡም ልጅ እንዲሸሸው አድርጓል። አለማማጁ ራሱ የሚናቅ ከሆነ ማን ከእርሱ ሊማር ይቀርባል? ዛሬም ልጁ ሜካኒክነት መማሩን ለጎረቤት በድምፁ ለመናገር የሚያፍር ወላጅ ካለ የዚያ ዘመን ቅሪት ገና አልጠፋም ማለት ነው።

በዘመናዊ መልክ በሥራ የማስተማር ሙከራ ወላይታን የጎበኘው ከብዙ አካባቢዎች ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድርጅት ብድር የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ ዋዱ፣ ማዕከሉን ሶዶ ላይ አድርጎ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና መንገድ ለገበሬው ለማዳረስ ተነሣ። ከደጋው መሬት የጠበባቸውን ገበሬዎችም እንደ አበላ ባሉ የቆላ ቦታዎች አሠፈረ። ከሥራ ዘዴዎቹ አንዱ ሠርቶ ማሳያ ነበር። ገበሬ በወሬ አያምንም። በቆሎው በጎረቤቱ ማሳ ላይ ከእርሱ በቆሎ ከፍ ብሎ ሲያየው ግን ይጠይቃል። በጠየቀ ጊዜ መልስ የሚሰጠው የልማት ሠራተኛ በቅርብ መገኘት ነበረበት። ሠርቶ ማሳያው ጥያቄውን ያስነሣል፤ መልሱ ግን ከሰው ይመጣል።

ይህ አሳብ ከጊዜ በኋላ አገር አቀፍ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በየክልሉ በተከፈቱት የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ከእነዚህም አንዱ በሶዶ ባለው ኮሌጅ፣ የልማት ሠራተኞች ለሦስት ዓመት እንዲሠለጥኑ ተደረገ። የሥልጠናው መርህ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚል ነበር። እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ 60 ሺህ ያህል የልማት ሠራተኞች ሠልጥነዋል። በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት ሦስት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛም እንዲቋቋም ታቀደ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ቀበሌ የሚመደበው የሃያ ዓመት ወጣት ሠላሳ ዓመት ያረሰን ገበሬ ሊያስተምር ነው የሚሄደው። ወጣቱን ራሱን የሚያለማምደው ነባር ባለሙያ በአጠገቡ ከሌለ፣ ገበሬው ስለሚያከብረው ሳይሆን ስለሚያዝንለት ብቻ ያዳምጠዋል።

አለማማጅ ሲኖር ምን ውጤት እንደሚገኝ ለማየት ከሶዶ መውጣት አያስፈልገንም። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ በፓን አፍሪካ የክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ሥርዓት አማካይነት ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናው አምስት ዓመት ይፈጃል። የቀዶ ሕክምና ሥልጠና በየትም ቢሆን በደረጃ የሚሄድ ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ ነባሩን ሐኪም ይረዳል፤ ከዚያ ነባሩ ሐኪም እየረዳው እርሱ ይሠራል፤ በመጨረሻ ብቻውን ይሠራል። የሠራው ቀዶ ሕክምና ሁሉ በመዝገብ ይሠፍራል። ችግር በደረሰ ጊዜ ባለሙያዎቹ ተሰብስበው ምን እንደ ተሳሳተና ለምን እንደ ተሳሳተ ይመረምራሉ። «ምላጩን ይያዝና ሥራው ያስተምረዋል» የሚል ማንም የለም፤ ምክንያቱም የስሕተቱን ዋጋ በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ይከፍላል።

ይኸው መርህ በአገራችን የጤና ትምህርት ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በጤና ጣቢያ በቡድን እያሠራ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል መሠረተ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት ሥልጠና አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ አገልግሎት እንዲሰጡ ማብቃት ተጀመረ። ከትልልቅ ከተሞች ርቃ ያለች እናት በቅርቧ ሕክምና እንድታገኝ ታስቦ የተነደፈ ሥልጠና ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ተማሪው ብቻውን አልተለቀቀም፤ ስሙ የታወቀ ኃላፊ ነበረው።

ታዲያ በቀዶ ሕክምና ክፍል የማንፈቅደውን ነገር በጋራዡና በግንባታ ቦታው ለምን እንፈቅዳለን? የተበላሸ ፍሬን አይገድልምን? በተሳሳተ መንገድ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ቤት አያቃጥልምን?

በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የትብብር ሥልጠና የሚባለው ሥርዓት ኮሌጁና ድርጅቱ ሠልጣኙን በጋራ እንዲያሠለጥኑ ይጠይቃል። መርሁ በዚህም 70 በመቶው ጊዜ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ነው። በመጨረሻም ሠልጣኙ በብቃት ምዘና መዛኞች ፊት ሥራውን ሠርቶ እንዲያሳይ ይደረጋል። በወረቀት ላይ ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ነገር ግን 70 በመቶ የሚለው ቁጥር ሰዓትን ይቆጥራል እንጂ ትምህርትን አይቆጥርም። ሠልጣኙ ሻይ ሲያመላልስ የዋለበት ቀንም፣ የማርሽ ሣጥን ሲፈታና ሲገጥም የዋለበት ቀንም እኩል ይቆጠራሉ። ምዘናውም ቢሆን ሠልጣኙ ምን እንደሚችል ይጠይቃል እንጂ ማን እንዳስተማረው አይጠይቅም።

የችግሩ ሥር የሰዎች ክፋት ነው ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። ነባሩ ባለሙያ ያለበትን ተጨባጭ ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። በሠራው ሥራ ልክ የሚከፈለው ሜካኒክ ለተለማማጁ ሲያስረዳ የሚያጠፋው አንድ ሰዓት ከገቢው የሚቀነስ ሰዓት ነው። ተለማማጁ የሚያበላሸው እንጨት ወይም ብረት ከባለ ሥራ ቤቱ ኪስ ይወጣል። ደንበኛው ደግሞ ሥራው ዛሬ እንዲደርስለት ይፈልጋል። በዚህ ላይ «ዛሬ ያስተማርኩት ነገ ከጎኔ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛዬን ይወስዳል» የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ያለ ዋስትና የሚኖር ሰው ሥጋት ነው። እንግዲህ ኮሌጁ ሠልጣኝ ይልካል፤ ድርጅቱ ጉልበት ያገኛል፤ ሠልጣኙ ማስረጃ ይቀበላል፤ አለማማጁ ግን የሚከፍል እንጂ የሚያገኝ አይደለም። ሸክሙ በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የወደቀበት ሥርዓት በምክርና በስብከት አይቃናም።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ያዙት መመልከት ይጠቅማል። በጀርመን ወጣቱ የሳምንቱን ከፊል በሙያ ትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በድርጅት ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕጋቸው ድርጅቱ ሠልጣኝ ከመቀበሉ በፊት አሠልጣኙ በጠባዩም በሙያውም ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል። ማለትም ጥያቄው ከሠልጣኙ ሳይሆን ከአሠልጣኙ ይጀምራል። የጀርመንን ፋብሪካ ወደ ሶዶ ማምጣት አንችልም፤ አያስፈልገንምም። ጥያቄውን ከአሠልጣኙ መጀመር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

የራሳችንም ሕግ ቢሆን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሙያ ልምምድ ውል ይደነግጋል። አሠሪው ለተለማማጁ የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና የመስጠት ግዴታ ይገባል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ ውስጥ መገለጽ ይኖርባቸዋል። ልጁን ጋራዥ አስገብቶ «ይልመድ» ብሎ የሚሄድ ወላጅ ስንት ጊዜ ስለዚህ ውል ጠይቋል? መብቱን ያላወቀ ሰው መብቱን ሊያስከብር አይችልም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት እርምጃዎች ተገቢ ናቸው እንላለን።

አንደኛ፣ ለልምምድ የሚላክ እያንዳንዱ ወጣት ስሙ የታወቀ አለማማጅ ይኑረው። የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ነገር የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል። አንድ ባለሙያ የሚይዛቸው ተለማማጆች ቁጥርም በዓይኑ ሊከታተላቸው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ የማስተማር ሰዓት የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠር። ለአለማማጁ የሚሰጠው ዋጋ በገንዘብ፣ በደረጃ ዕድገት ወይም በሙያ ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» እንዲሉ፣ ሠሪው ከሥራው ፍሬ ካልተካፈለ ሥራው አይቀጥልም።

ሦስተኛ፣ እንደ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉ የእያንዳንዱ ተለማማጅ ሥራ በመዝገብ ይስፈር። ዛሬ ምን አየ? ምን በእርዳታ ሠራ? ምንስ ብቻውን ሠራ? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ መዝገቡ ሻይ በማመላለስ ያለፈውን ቀን ያጋልጣል።

አራተኛ፣ የኮሌጁ መምህር ወደ ሥራ ቦታው ይውጣ። ማየት ብቻ ሳይሆን እጁን ያስገባ። ለብዙ ዓመት ሞተር ያልነካ መምህር ራሱ ተለማማጅ መሆን ይኖርበታል፤ ይህም ነውር የለበትም። ነባሩ ሜካኒክም በተራው ወደ ኮሌጁ ተጋብዞ፣ በልምድ የደረሰበትን ነገር ምክንያት ከመምህሩ ይረዳ።

አምስተኛ፣ የሠፈር ነዋሪዎች በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በየእድራችን ጡረታ የወጣ ግንበኛ፣ አናጢ፣ የልብስ ስፌት ባለሙያ ወይም አዋላጅ ነርስ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች በኀዘን ጊዜ ድንኳን ሥር ከመቀመጥ በላይ የሚሰጡት ዕውቀት አላቸው። እድሩ ስማቸውን መዝግቦ ለኮሌጁና ለወጣቶች ማኅበራት ቢያሳውቅ ምን ያጣል? ዕውቀታቸውን ይዘው ሲያልፉ ግን የምናጣው ብዙ ነው።

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከመጋቢት 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አላት። ከተማዋ በግንባታ፣ በትራንስፖርትና በአገልግሎት ላይ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ የእርሻ መሬት የጠበበበት ነው። ስለዚህ ለብዙ የገበሬ ልጆች ሙያ አማራጭ ሳይሆን ብቸኛ መንገድ እየሆነ መጥቷል። ከአባቱ ማሳ ድርሻ የማያገኝ ወጣት በእጁ ያለው ሙያም የይስሙላ ከሆነ የት ይሂድ? ማስረጃ ይዞ ሥራ የሚያጣ ወጣት ምሬት ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ይናገራል።

ለዚህም ነው የተግባር ልምምድን የሰዓት ማሟያ አድርገን ልናየው የማይገባን። ነባሩ ባለሙያ መዶሻውን ለወጣቱ ሲያቀብል ሠላሳ ዓመት የፈጀ ዕውቀት ያቀብላል። ያ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ ሁለቱም እጆች በአንድ ሥራ ላይ መገናኘት፣ ለመገናኘትም ጊዜና ክብር ማግኘት አለባቸው። በየሥራ ቦታችን ከነገ ጀምሮ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ቀላል ነው፤ ይህን ወጣት ዛሬ ምን ሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ማን አስተማረው እንበል። መልስ የሚሰጠን ሰው ካለ ሥራው ትምህርት ቤት ሆኗል። ከሌለ ግን የወጣቱ ጉልበት እንጂ ዕውቀቱ አላደገም፤ ኃላፊነቱም የሁላችንም ነው።